ባንድ 1፣ 2 እና 3 የት ገቡ? (ስለ ቨርጂኒያ ኖርውድም ስለኛ ስራም)

ሳምሪ_ጂአይኤስ | እሁድ ማታ 3፡20

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ባለፈው ሳምንት መተሐራ ላለው የበሰቃ ሀይቅ ስራ የድሮ የላንድሳት (መሬትን ከህዋ የሚያነሱት የአሜሪካ ሳተላይቶች) ምስል ፈለግኩና የ1973ቱን አወረድኩ (በፈረንጅ ነው)። ዚፑን ስፈታው አራት ፋይል ብቻ፣ ባንድ 4፣ 5፣ 6፣ 7፣ በቃ (ባንድ ማለት በአንድ የብርሃን ክልል ብቻ የተነሳ ምስል ነው)። 1፣ 2፣ 3 የሉም። ኔትወርክ ቆርጦብኝ ነው ብዬ ደግሜ አወረድኩ፣ በራሴ ካርድ ነው እንግዲህ፣ ያው አራት። ለሶስተኛ ጊዜ ስጀምር አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ "ተይው ባክሽ ፋይሉ ተበላሽቷል" አለኝ።

አልተበላሸም። 1፣ 2 እና 3 የሌላ ካሜራ ቁጥር ናቸው። የመጀመሪያዋ ላንድሳት ላይ ሁለት መሳሪያ ነበር የተጫነው። ዋናው አርሲኤ የሰራው አርቢቪ የሚባል የቲቪ ካሜራ አይነት ነገር ነው፣ ሶስት ባንድ ስላለው 1፣ 2፣ 3 ለሱ ተሰጠ። ሁለተኛው ኤምኤስኤስ የሚባል ስካነር ነው፣ እሱ እንኳን ለሙከራ ያህል ይሂድ ተብሎ የተጨመረ ነው፣ ስለዚህ ቁጥሩ ከ4 ጀመረ። ሳተላይቷ ጁላይ 23 ቀን 1972 ወጣች፣ በኛ ሐምሌ 16 ቀን 1964 መሆኑ ነው። ዋናው የተባለው ካሜራ በሁለት ሳምንት ውስጥ በኤሌክትሪክ ችግር ተዘጋ። የሙከራው ስካነር ግን እስከ 1978 መግቢያ ድረስ ምስል ሲልክ ኖረ፣ ሳተላይቷ ራሷ እኮ አንድ አመት ከሰራች ይበቃል ተብላ ነው የወጣችው።

እና ያንን ስካነር ዲዛይን ያደረገችው ሴት ናት! ቨርጂኒያ ኖርውድ፣ ካሊፎርኒያ ሂዩዝ ኤርክራፍት ውስጥ። አምስት አመት ሙሉ ላንድሳት ላንድሳት ሲባል ተምሬ ስሟን አንድም ቀን አልሰማሁም። ሌሊቱን ስለሷ ሳነብ አነጋሁ። በ1927 ነው የተወለደችው፣ አባቷ ወታደር ነበር፣ በ9 አመቷ ስላይድ ሩል ሰጣት (ያኔ ካልኩሌተር የለም)። ሃይስኩል ስትጨርስ የትምህርት ቤቱ አማካሪ ላይብረሪያን ሁኚ አላት። እሷ ኤምአይቲ ገባች፣ ሴት በጣት በሚቆጠርበት ጊዜ፣ በ1947 በማቲማቲካል ፊዚክስ ተመረቀች፣ በማግስቱ አገባች፣ ከዚያ ስራ የለም። ሱቅ ውስጥ የሴት ሸሚዝ ሸጣለች። አንድ የሄሊኮፕተር ፋብሪካ ስንት ይከፈልሽ ሲሏት የመንግስት ዝቅተኛውን እርከን ጠየቀች፣ ለሴት ይህን ያህል አንከፍልም አሏት። ሌላ ቦታ ደግሞ ለመቀጠር እንዳታረግዢ ቃል ግቢ ተባለች፣ ጥላ ወጣች።

አሁን ወደኔ። ስሙን አልጠራም፣ አንድ መስሪያ ቤት ነኝ ሁለት አመት ከሰባት ወር። ደብዳቤዬ ላይ የሪሞት ሴንሲንግ (መሬትን በሳተላይት ምስል የማጥናት) ባለሙያ ይላል፣ እኔ ግን ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ፣ ስላይድ አሳምራለሁ፣ እንግዳ ሲመጣ "ሳምሪ ቡና በይልን" ይሉኛል። የፊልድ ሊስት ሲወጣ አራት ጊዜ ስሜ የለም፣ አለቃዬን ስጠይቀው "መንገዱ አይመችሽም ብዬ ነው እኮ ለአንቺው አስቤ" አለኝ። ባንክ ደግሞ አይቲ ክፍል ቦታ አለ፣ ደሞዙ እጥፍ ነው ማለት ይቻላል። ልሂድ ወይ? ወይስ ትንሽ ልታገስ? እውነቱን ንገሩኝ።

---

ፒክስል24 | 3፡52

ስለ ባንኩ ሌላ ሰው ይመልስልሽ፣ እኔ ስለ ስካነሩ ላውራ ስወደው።

ሰው ሳተላይት ሲባል እንደ ስልካችን ካሜራ ጠቅ አድርጎ የሚያነሳ ይመስለዋል። ኤምኤስኤስ እንደዛ አይደለም። አንድ መስታወት አለ፣ ከኤ ፎር ወረቀት ትንሽ ከፍ የሚል፣ በሰከንድ 13 ጊዜ ግራ ቀኝ ይወዛወዛል፣ ዳርና ዳር ላይ መመለሻ መከላከያ እየመታ ማለት ነው ቀጭ ቀጭ ቀጭ። ሳተላይቷ ወደፊት ስትሄድ መስታወቱ 185 ኪሎሜትር ስፋት ያለውን መሬት በጎን ይጠርጋል። በአንድ መጥረግ ስድስት መስመር ያነባል፣ ለእያንዳንዱ ባንድ ስድስት ዲቴክተር (ብርሃን ለካኝ)፣ ስድስት በአራት 24 (ስሜ ከየት እንደመጣ ገባችሁ?)። ለዛ ነው የድሮ ምስል ላይ ዙም ስታደርጉ በየስድስት መስመሩ ጭረት የምታዩት፣ አንዱ ዲቴክተር ከጎረቤቱ ትንሽ ሲደምቅ ነው።

ታዲያ ያኔ ማን ይመነው። ህዋ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ይሰበራል የሚባልበት ዘመን ነው፣ አንድ መስታወት በአመት ስንት መቶ ሚሊዮን ጊዜ እንደሚወዛወዝ አስሉት። ካርታ ሰሪዎቹ ደግሞ እየተወዛወዘ የተነሳ ምስል ለካርታ አይሆንም አሉ። ናሳም ክብደትህ ከ100 ፓውንድ አይለፍ አለ፣ 45 ኪሎ አካባቢ፣ የተረፈው ቦታ ለዋናው ካሜራ ነው። እሷ ከዚህ የበዛ ባንድ ነበር ያሰበችው፣ በክብደት ምክንያት ወደ አራት ወረደ።

---

ያ_ሰውዬ | 4፡10

ይቅርታ ግን ይሄ "አንዲት ሴት ብቻዋን ሳተላይት ሰራች" የሚባል ነገር ሰለቸኝ። ሂዩዝ ውስጥ ስንት መሀንዲስ ነበር? ወንድ ቢሆን ማን ክር ይከፍትለት ነበር።

---

ሳምሪ_ጂአይኤስ | 4፡16

ብቻዋን ያለ ማነው? አንብብ መጀመሪያ። "ዲዛይን ያደረገችው" ነው ያልኩት።

---

ኑሮ_በደች | 4፡41

@ያ_ሰውዬ ወንድሜ ጥያቄህ መጥፎ አይደለም፣ አጠያየቅህ ነው እንጂ። ቲም ነበራት፣ እሷም ክዳ አታውቅም። ግን እሷ ያደረገችውን ልንገርህ። እኔ ሆላንድ ኤንስኬዴ፣ አይቲሲ የሚባለው የካርታና የሳተላይት ምስል ትምህርት ቤት ስማር (እዚህ ቤት ግማሹ ሰው እዛ ያለፈ ነው መሰለኝ) አንድ አስተማሪያችን ደጋግሞ የሚያነሳው ነገር ነበር፣ መሳሪያ የሚሰራ ሰው መጀመሪያ መሳሪያውን አይሰራም፣ ሄዶ ይጠይቃል ይል ነበር። ኖርውድ ያደረገችው እሱን ነው። ስካነሩን ከመሳሏ በፊት የእርሻ ሰዎችን፣ ጂኦሎጂስቶችን፣ የሜትሮሎጂ ሰዎችን፣ ስለ ብክለት የሚያጠኑትን እየዞረች ምን ማየት ትፈልጋላችሁ፣ በየትኛው የብርሃን ክልል ብላ ጠየቀች። ከዚያ ነው አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ሁለት ደግሞ ለአይን የማይታይ ኢንፍራሬድ የመጣው። አርቢቪ ቆንጆ ፎቶ ያነሳል፣ ኤምኤስኤስ ግን ቁጥር ነው የሚልከው፣ ከ0 እስከ 63፣ ልኬት ነው እሱ። ቅጠል ቀዩን ይውጠዋል ኢንፍራሬዱን ይመልሰዋል፣ ሁለቱን ስታነፃፅር ተክሉ ደህና ነው ታሟል ይነግርሃል።

ዛሬ ሁላችንም የምንሰራው ኤንዲቪአይ፣ ይሄ የተክል ልምላሜ መለኪያ ስሌት፣ በዚችው ሳተላይት ባንድ 5 እና ባንድ 7 ነው በ1973 የተሰላው፣ አሜሪካ ሜዳ ሳር ላይ። ከ77ቱ ረሀብ በኋላ አሜሪካኖቹ በ1985 የረሀብ ማስጠንቀቂያ ስርአት ሲያቋቁሙ በሌላ ሳተላይት ዳታ ቢሆንም ያቺኑ ስሌት ነው የኛ አገር ላይ ያዋሉት። ስለዚህ ነገሩ ወሎ ድረስ ይመጣል ማለቴ ነው።

---

ያ_ሰውዬ | 4፡50

እሺ ይሄኛው ገባኝ። ፀባይ ላስተካክል።

---

ቤቲ_ሲቪል | 5፡05

ሳምሪዬ እኔ ሪሞት ሴንሲንግ አላውቅም፣ ሲቪል ነኝ፣ ሳይት ላይ ነው የምውለው። "ለአንቺው አስቤ ነው" የሚለውን ቃል ግን አውቀዋለሁ ውይ!! እኔንም ለአንቺ ብለን እያሉ ቢሮ ቆልፈው ሰባት ወር ቢል ኦፍ ኳንቲቲ ሲያስፅፉኝ ከርመው ደረጃ እድገት ሲመጣ "የሳይት ልምድ የላትም" ብለው ቀነሱኝ። ገባሽ? ዛሬ ፊልድ የከለከለሽ ሰው ነገ የፊልድ ልምድ የላትም የሚለው እሱ ራሱ ነው። የማትሄጂበትን ምክንያት በፅሁፍ ጠይቂው፣ ኢሜይል ላኪ፣ በቃል ሲሆን ሁሉም አባት ነው።

---

ጋሽ_ካርታ | ሰኞ ጠዋት 1፡30

ልጆች እንደምን አደራችሁ። ጡረታ ላይ ስለሆንኩ በጠዋት ነው የማነበው።

እኔ ካርታ ስራ የገባሁት ኤምኤስኤስ በታተመ ወረቀት በሚመጣበት ጊዜ ነው። ትልቅ ፎቶ፣ ደን ቀይ ሆኖ የሚታይበት፣ ላዩ ላይ ትሬሲንግ ፔፐር አንጥፈን ከስር መብራት ባለው ጠረጴዛ በእርሳስ ነበር የምንከተለው። የደከመ አይን ይዘን ወደ ቤት። ኋላ ዳታውን በኮምፒውተር እንግዛ ሲባል ንግዱ ለግል ኩባንያ ተሰጥቶ ስለነበር አንድ ምስል ከ4,000 ዶላር በላይ ገባ፣ ከዚያ ለላንድሳት 7 ወደ 600 ወረደ፣ በነፃ የሆነው በፈረንጅ 2008 ነው። ስለዚህ ሳምራዊት ልጄ፣ ሶስት ጊዜ በካርድሽ ስላወረድሽ አትዘኚ፣ እኛ አንዷን ምስል ለመግዛት ስብሰባ እንቀመጥ ነበር።

ወይዘሮ ኖርውድን በተመለከተ፣ የኛ ሙያ ሰዎች ናቸው በዋናነት የተጠራጠሯቸው። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ካርታ ሰሪዎች የሚወዛወዝ መስታወት አናምንም ብለው ነበር፣ ምስሉ ሲመጣ ግን ከመካከላቸው ተሳስቼ ነበር ብሎ አፉን ሞልቶ ያመነ አለ። ሰው ስህተቱን በቁጥር ሲያሳዩት ያምናል፣ በጭቅጭቅ አያምንም። እሳቸውም የሄዱት በዚሁ መንገድ ነው። ሳተላይቱ ሳይወጣ ስካነሩን መኪና ላይ ጭነው ካሊፎርኒያን ዞሩበት፣ ዮሰሚቲ የሚባለው ተራራማ ቦታ ያለውን ሃፍ ዶም የሚሉትን ትልቅ ድንጋይ በሱ አነሱትና ይኸው አሉ።

---

ፒክስል24 | 2፡15

ጋሼ ይሄን መኪና ላይ የተጫነ ስካነር ነገር ሰምቼ እንኳ አላውቅም፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሳተላይት በአይሱዙ በሉት።

---

ኑሮ_በደች | 2፡33

ጋሼ እንዴት ናችሁ፣ አንድ ልጨምር። መስታወቱ ራሱ ረጅም እድሜ ነው የኖረው። እሷ የጀመረችው አሰራር እንደ እጅ መጥረጊያ ነው፣ ግራ ቀኝ እየጠረገ ይሄዳል። ላንድሳት 4 እና 5 ላይ ኤምኤስኤስም ነበረ፣ ቲማቲክ ማፐር የሚባለው ታናሽ ወንድሙም ተጨመረ፣ ሰባት ባንድ፣ የምስሉ አንዷ ነጥብ መሬት ላይ 30 ሜትር፣ እሱም ያው የሚወዛወዝ መስታወት። ላንድሳት 7 ላይ ሜይ 31 ቀን 2003 የጥርጊያውን መስመር የምታስተካክለው ክፍል ተበላሸችና ከዚያ ወዲህ ምስሉ ሁሉ ጥቁር ጥቁር ሽንትር ሆነ (ቴሲስ የሰራ ሰው ያን ሽንትር በህልሙም ያየዋል)። ከላንድሳት 8 ጀምሮ፣ 2013 ማለት ነው፣ መስታወት መወዛወዙ ቀረ፣ እንደ ወለል መወልወያ ወደፊት ብቻ የሚገፋ ሆነ። ከ1972 እስከዚያ ስትቆጥሩት 40 አመት አለፈ። ሴትየዋም በ2023 በ96 አመቷ ነው ያረፈችው፣ ላንድሳት 9 ሲወጣ በህይወት ነበረች። የላንድሳት እናት ሲሏት ደስ ይላት ነበር፣ ፈጥሬዋለሁ፣ ወልጄዋለሁ፣ ተሟግቼለታለሁ ብላለች።

---

የመተሐራ_ልጅ | 6፡40

እኔ በሰቃ የሚለውን አይቼ ነው የገባሁት፣ ስለ ሳተላይት ምንም አላውቅም ሆድ አይባስባችሁ።

እህቴ የ1973ቱ ምስል ላይ ሀይቁ ትንሽ ነው አይደል? አያቴ እንዲህ ይላል፣ እኔ ልጅ ሆኜ በሰቃ ማለት ከብት የሚዞራት ኩሬ ነበረች ይላል፣ እኛ ደግሞ የምናውቀው ውሀው አስፋልቱን ሲቃረብ ነው። መንገዱን ስንት ጊዜ በድንጋይ ከፍ እንዳደረጉት፣ የድሮው ባቡር ሀዲድም እንዲሁ። ውሀው ደግሞ ጨዋማ ነው፣ ከብት አይጠጣውም፣ የነካው መሬት ሳር አያበቅልም። አያቴ የግጦሽ መሬታችን እዛ ስር ነው ያለው ብሎ በእጁ ያሳየኛል፣ ውሀ መሀል! ሰው ግን አያምነውም፣ ሽማግሌ ነው ይላሉ። በዚያ ምስል ይታያል ወይ? ማለቴ መሬት መሆኑ?

---

ሳምሪ_ጂአይኤስ | 7፡02

ውይ። ይታያል እንጂ። ቆይ ቦታውን ንገረኝ፣ አያትህ በየት በኩል ነው የሚያሳዩህ? ከስኳር ፋብሪካው ነው ከፈንታሌ ተራራ በኩል? አሁን ከመንገዱ ምን ያህል ይርቃል በላቸው።

---

የመተሐራ_ልጅ | 7፡30

ደውዬ ጠየቅኩት። ካለፈው የአስፋልት ኩርባ ወደ ፈንታሌ ፊትህን ስታዞር በግራ ነው አለ። ድሮ አንድ ትልቅ የግራር ዛፍ ነበረ አለ፣ ደርቆ ግንዱ አሁንም ውሀው ውስጥ ቆሟል። ግንዱን እኔም አውቀዋለሁ። ስልክ ይዞ የሚሄድ ልጅ አለ፣ የቦታውን ጂፒኤስ ላስልክልሽ?

---

ሳምሪ_ጂአይኤስ | 7፡33

ላክልኝ ላክልኝ!!

---

ያ_ሰውዬ | 8፡10

አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ፀባዬን አስተካክዬ ነው። እኛም ታህሳስ 10 ቀን 2012 ሳተላይት አምጥቀን የለ እንዴ ከቻይና፣ 72 ኪሎ የምትመዝን፣ ከእንጦጦ ትታዘዝ የነበረች። እሷ 13.75 ሜትር ነው የምታየው ተብሎ ነበር። ለምን ስልሳ ሜትር ድሮ ምስል ላይ ትደክማላችሁ?

---

ፒክስል24 | 8፡22

የአያትየውን መሬት ለማየት የ2012 ሳተላይት ምን ይሰራል ወንድሜ፣ ያኔማ ውሀ ውስጥ ገብቷል። 1973 ላይ መሬትን በዚህ ጥራት ደጋግሞ የሚያነሳ ለህዝብ ክፍት የሆነ ሌላ ሳተላይት የለም፣ ያቺው ናት። የሷ ስራ ዋጋው እዚህ ላይ ነው የሚገባኝ፣ ዛሬ አስር ሜትር የሚያይ ሴንቲኔል የሚባል የአውሮፓ ሳተላይት በነፃ አለ፣ ነገ አንድ ሜትር ይመጣል፣ ወደ ኋላ ሄዶ ግን 1973ን የሚያነሳ ማንም የለም።

---

ሳምሪ_ጂአይኤስ | ማክሰኞ ማታ 4፡05

እሺ ሰራሁት። ቀስ ብዬ ልንገራችሁ።

ባንድ 7 ከፈትኩ። ውሀ ኢንፍራሬዱን ስለሚውጠው ጥቁር ነው፣ በሰቃ በ1973 ምስል ላይ ትንሽዬ ጥቁር ነጠብጣብ ናት፣ አፍንጫዬን ስክሪን ላይ ለጥፌ ነው የፈለግኳት። የተላከልኝን የግራሩን ጂፒኤስ ጫንኩበት። ደረቅ መሬት ላይ አረፈ። ከሀይቁ ዳር እስከ ግራሩ ፒክስሎቹን አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው፣ 22፣ አንዱ 60 ሜትር ነው፣ 1,320 ሜትር። ከዚያ ያለፈውን አመት የላንድሳት 9 ምስል ከፈትኩ፣ ያው ነጥብ ዙሪያው ሁሉ ጥቁር።

@የመተሐራ_ልጅ አያትህ ልክ ናቸው። ምስሉን አትሜ አመጣልሃለሁ፣ ለሳቸው ስጥልኝ።

የአለቃዬ ነገር፣ ቤቲ እንዳለችው ለምን ከሊስቱ እንደቀረሁ በፅሁፍ ይገለፅልኝ ብዬ ኢሜይል ላክሁ፣ እስካሁን አልመለሰም፣ ዛሬ ግን ቃለ ጉባኤ ያዢ ያለኝ ሰው የለም፣ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም። የባንኩ ማመልከቻ መዝጊያው አርብ ነው፣ ፎርሙን ሞልቼ ጨርሻለሁ፣ አልላክሁትም፣ አልሰረዝኩትምም።

ጋሽ ካርታ ግን ያ መኪና ላይ የተጫነ ስካነር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ቅዳሜ በራሴ ወጪ በአውቶቡስ መተሐራ ልሄድ ነው። ግንዱን በአይኔ ካላየሁ ፒክስሉን ማመን አልችልም።

---

ጋሽ_ካርታ | ረቡዕ ጠዋት 1፡10

በርቺ ልጄ። ኮፍያ ያዢ፣ ፀሀዩ ሌላ ነው። ሀይቁ ዳር ስትቆሚ የውሀው ጠርዝ የት ላይ እንደሆነ በጂፒኤስ ሶስት አራት ቦታ ያዢ፣ ግንዱን ብቻ እንዳትይዢ። ኋላ ትፈልጊዋለሽ።

---

የመተሐራ_ልጅ | 1፡45

አያቴ ቅዳሜ እኔ ራሴ አስፋልቱ ላይ ወጥቼ እቀበላታለሁ ብሏል። በስንት ሰአት ትደርሺያለሽ? ሃያ ሁለቱን ፒክስል ነገርኩት፣ ፒክስል ምንድነው አለኝ፣ እኔም አላወቅኩትም፣ ስትመጪ ንገሪው።